የመድኃኒት ዕፅዋትን ደህንነት በላቦራቶሪ እንስሳት መፈተሽ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጅማና በአካባቢዋ የመድኃኒት ዕፅዋትን ለሚመረምሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና መድኃኒታቸው እንዲፈተሽላቸው ለሚፈልጉ የባህል ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ዕፁ ያድናል ወይ ስለሚለው ሳይሆን ይጎዳል ወይ ስለሚለው ብቻ ነው። በላቦራቶሪ ልማድ ትንሿ ነጭ አይጥ ማይስ፣ ትልቋ ራት ስለምትባል እኛም እንደዚያው እንጠራቸዋለን።

አባቶቻችን ሲጠጡት የኖሩትን ቅጠል መፈተሽ ለምን አስፈለገ?

ልማድ አጥርቶ የሚያውቀው ቶሎ የሚታየውን ጉዳት ነው። እንዶድ የጠጣ ሰው እንደሚያስመልሰውና እንደሚያስቀምጠው፣ ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ ሀገሬው ያውቃል፤ መጠኑን የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው። በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ የሚመጣውን ጉዳት ግን ከቅጠሉ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ ከስድስት ወር በፊት የጠጣውን ለሐኪም አይናገርም፤ ሐኪሙም አይጠይቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት ክኒን ይወስዱ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጪ ሆነ። ሲመረመር በሌላ ተክል ቦታ በስህተት የገባ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል ተገኘ። በእኛው ሀገር በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታኅታይ ቆራሮ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ እየነፋ ሰው የሚገድል የጉበት በሽታ ታየ፤ በኋላም ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከሚባሉ የዕፅዋት መርዞች ጋር ተያያዘ። ሁለቱም ጉዳቶች አንዴ ሰጥቶ በማየት የሚያዙ አይደሉም። በዚህ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ተዘፍዝፎ የሚወጣው ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣው ንጥረ ነገር) አባቶቻችን ከጠጡት ጋር አንድ አይደለም፤ ታሪኩ ለቅጠሉ ይመሰክር ይሆናል፣ ለኤክስትራክቱ ግን አይመሰክርም።

ሥራው ከምን ይጀምራል?

ተክሉን በትክክል ከመለየት። ጅማ ላይ አንዱን ተክል አንዱ ግራዋ፣ ሌላው ኢቢቻ ይለዋል፤ ብሳናም በካኒሳ ይባላል። በተቃራኒው አንድ ስም ከቀበሌ ቀበሌ የተለያየ ተክል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ለቀማ ከመጀመሩ በፊት አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀንና የአካባቢው ስም ይጻፍበት። ከዚያ የዕፅዋት ባለሙያ ለይቶ የናሙና ቁጥር ይስጠው። ቅጠል ብቻ ይዞ የሚመጣን ባለሙያው ቢመልሰው ትክክል ነው፤ ብዙ ዘመዳሞች በቅጠል አይለዩም።

ከመርካቶ ተፈጭቶ ወይም ተከታትፎ የተሸጠ ሥር ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ማን እንደነቀለው፣ መቼ እንደተነቀለ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። እንደ ቀበርቾ ያለ በሥሩ የሚፈለግ ተክል ደግሞ አንዴ ከተነቀለ አለቀ፤ የሚያስፈልገው መጠን በቅድሚያ ተሰልቶ ከዚያ በላይ አንድም እንዳይነቀል።

በጅማ ዝናብ ቅጠል እንዴት ይደርቃል?

ጥናቱ ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ነው። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ አየሩም በደረቅ ቀን እንኳን እርጥበት አይለየውም። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተሰጣ ቅጠል ከላይ ደርቆ ከታች ይሻግታል። የሻገተ ቅጠል የሻጋታውን መርዝ ይዞ ወደ እንስሳው ሆድ ይገባል፤ አፍላቶክሲን የተባለው በተለይ ጉበትን ስለሚጎዳ ጥፋቱ የተክሉ ነው ተብሎ ይመዘገባል።

ቅጠሉ ታጥቦ ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ በወንፊት ሽቦ ወይም በሰፌድ ላይ በስሱ ይሰጣ፣ አየር ከሥርም ከላይም እንዲያልፍ ከመሬት ከፍ ይበል። ጥላ ይሻላል። በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጥ። በሦስትና አራት ቀን ካልደረቀ አየር በሚያዘዋውር ማድረቂያ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ ይጨረስ። መድረቁ የሚታወቀው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በሚዛን ነው፦ ዛሬና ነገ ተመዝኖ ክብደቱ ካልተለወጠና በእጅ ሲጨበጥ እየተንኮሻኮሸ ከተሰባበረ ደርቋል። ሽታው ወደ እርጥብ መሬት ከዞረ ወይም ደም ሥሩ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ጉም ከታየበት ያ ክምር ይጣል። ጥሩ ጥሩውን መርጦ ማትረፍ አይቻልም፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ተሰራጭቷል።

ስንት ኪሎ ቅጠል ልልቀም?

ስሌቱን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩ። ለአጣዳፊ ምርመራ (አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ ለሚታየው) የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ 25 ግራም ለሚመዝኑ አምስት ማይሶች በኪሎግራም የሰውነት ክብደት 2000 ሚሊግራም ቢሰጥ በድምሩ 250 ሚሊግራም ብቻ ይሄዳል። ብዙዎች በዚህ ተታለው ጥቂት ለቅመው ይመለሳሉ፤ በየቀኑ የሚሰጥበት የ28 ቀኑ ምርመራ ሲመጣ ኤክስትራክቱ ያልቅባቸዋል።

በአማካይ 250 ግራም የሚመዝኑ ራቶች በየቡድኑ አሥር ይሁኑ። ከፍተኛው መጠን በኪሎግራም 1000 ሚሊግራም ቢሆን አንዱ ራት በቀን 250 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ለአሥር ራት ለ28 ቀን 70 ግራም። የ500 ቡድን 35 ግራም፣ የ250 ቡድን 17.5 ግራም ይፈልጋል። ጉዳቱ ሲቆም ይድን እንደሆነ የሚታይባቸው ተጨማሪ አሥር ራቶች በከፍተኛው መጠን ሌላ 70 ግራም ይወስዳሉ። ድምሩ 192.5 ግራም፣ ለብክነት 20 በመቶ ሲታከልበት 231 ግራም። ከመቶ ግራም ዱቄት 12 ግራም ኤክስትራክት የሚሰጥ ቅጠል ከሆነ ወደ ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛው ክብደቱ ውሃ ከሆነ ደግሞ ስምንት ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ቦታ ይለቀም። መሐል ላይ ሲያልቅ ከሌላ ኮረብታ፣ በሌላ ወር የተለቀመ ቅጠል መጨመር ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን እንደ አንድ መስጠት ነው።

በውሃ ይውጣ ወይስ በሜታኖል?

መጀመሪያ የባህል ሐኪሙን ይጠይቁ። ጨምቀው ነው የሚሰጡት? አፍልተው? በማር ለውሰው ወይስ በአረቄ ዘፍዝፈው? ስንት ቀን? ለቆዳ ነው ወይስ ለመጠጥ? የደህንነት ምርመራ ሰው ከሚወስደው ጋር የቀረበ መሆን አለበት። ተፈልቶ የሚጠጣን ቅጠል በ80 በመቶ ሜታኖል አውጥቶ «ቅጠሉ ደህና ነው» ማለት፣ ወይም በተቃራኒው «መርዛማ ነው» ብሎ ማወጅ፣ ሰዎቹ የማያውቁትን ነገር ፈትሾ ስለ ሰዎቹ መድኃኒት መናገር ነው። ሁለቱንም መሥራት ከተቻለ እሰየው። አንዱን ብቻ ከሆነ ሰው የሚወስደው ይቅደም።

በሜታኖል ሲሠራ፦ አንድ ክፍል ዱቄት በአሥር ክፍል 80 በመቶ ሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ለምሳሌ 100 ግራም በአንድ ሊትር። ለ72 ሰዓት እየተነቀነቀ ይቆያል፣ መጀመሪያ በነጠላ ጨርቅ ከዚያም በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት ይጣራል፣ አተላው ሁለት ጊዜ በአዲስ ሜታኖል ይዘፈዘፋል። የተሰበሰበው በሮታሪ ኢቫፖሬተር (እያዞረ በሚያተን መሣሪያ) በ40 ዲግሪ ይተናል፣ የቀረው ውሃ በሊዮፊላይዘር (አቀዝቅዞ በሚያደርቅ መሣሪያ) ወይም በዝቅተኛ ሙቀት ይወጣል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ሜታኖል ራሱ መርዝ ስለሆነ ሳይጨርስ ከወጣ የሚፈተሸው ሜታኖሉ ነው። ክብደቱ በተከታታይ ሲመዘን እስኪረጋ ይጠበቅ።

በውሃ ሲፈላ የፈላበት ጊዜና የውሃው መጠን ይመዝገብ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ስለምትሆን ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ «በ100 ዲግሪ ፈላ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። የውሃ ኤክስትራክት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ይቦካል፣ ስለዚህ በዚያው ዕለት ወደ በረዶ ይግባ። መብራት ሲጠፋ የቀለጠና እንደገና የረጋ ዕቃ እንዳይምታታ ክዳኑ ላይ ቀኑ ይጻፍ።

ለእንስሳቱ መተኛ የሚሆን ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት ማምጣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ተመርጦ። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ስለሆነች ሰጋቱራ አይጠፋም። ችግሩ ያለው ከምን እንደወረደ ነው። የቺፕውድና የኮምፔርሳቶ ብናኝ የሙጫ ፎርማልዲሃይድ አለበት። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ሲፋቅ የወጣውም አይሆንም። የሚሸቱ የጥድ ዘመድ እንጨቶች ዘይታቸው የአይጦችን ጉበት መድኃኒት አፍራሽ ኢንዛይሞች ስለሚያነሳሳ፣ ጉበት ለመመርመር በተነሳ ጥናት ውስጥ ጉበቱ ከመጀመሪያው ተለውጦ ይጠብቃል። የማይሸት፣ ያልታከመ እንጨት ይመረጥ፣ ብናኙ በወንፊት ይነፋ፣ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይቀቀልና በደንብ ይድረቅ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜም ይቀየር።

ለመኖውም ያው ጥንቃቄ ነው። ፔሌት በጆንያ ግድግዳ ተጠግቶ መሬት ላይ ከተቀመጠ በክረምት ይሻግታል። ከእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አይከማች።

የትኛው እንስሳ፣ ስንት?

ለአንድ ጊዜ መጠን ማይስ ወይም ራት፣ ለተደጋጋሚ መጠን ራት። ምክንያቱ ደም ነው፦ 25 ግራም ማይስ በመላ አካሏ ሁለት ሚሊሊትር ገደማ ደም ብቻ አላት፤ ከልቧ ቢቀዳ አንድ ሚሊሊትር ማግኘት ዕድለኝነት ነው፤ ለደም ቆጠራም ለጉበትና ለኩላሊት ምርመራም ለማዳረስ ያስቸግራል።

ለአጣዳፊ ምርመራ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው፣ ያልወለዱና ያላረገዙ ሴቶች ይመረጣሉ፤ ክብደታቸው ከአማካዩ በ20 በመቶ ካልበለጠ ልዩነት ይሁን። ከአዲስ አበባ በመኪና የመጡ ከሆነ መንገዱ ያንገላታቸዋልና ቢያንስ አምስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት ይረፉ። ክፍሉ 22 ዲግሪ አካባቢ፣ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ። በቡድን ሲደለደሉ በዕጣ ይሁን። ከኬጅ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዙት ቀርፋፎቹ ናቸው፤ ቀርፋፎቹ ሁሉ አንድ ቡድን ውስጥ ከተከማቹ ጥናቱ ሳይጀመር ተዛብቷል።

አጣዳፊው ምርመራ ደረጃ በደረጃ እንዴት ነው?

ዛሬ የሚሠራባቸው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያዎች ቁጥር 420፣ 423 እና 425 ናቸው። ግማሹ እንስሳ እስኪሞት ብዙ እንስሳ ይፈጅ የነበረው አሮጌው 401 እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ተሰርዟል፤ አሁንም በእሱ ሊሠራ የሚያስብ ካለ ይተወው። ሰው ሲጠጣው ለኖረ ተክል አብዛኛውን ጊዜ የሚመቸው በ425 ውስጥ ያለው የጣሪያ መጠን ምርመራ፣ ማለትም አንድ ከፍተኛ መጠን ብቻ የሚፈተሽበት ነው።

ማይሷ ከመኖ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ትጹም፣ ራት ከሆነች ሌሊቱን፤ ውሃ ግን አይከልከል። ከጾም በኋላ ትመዘን፤ መጠኑ የሚሰላው በዚህ ክብደት ነው። ለአንዷ በኪሎግራም 2000 ሚሊግራም ይሰጥ። ከሰጡ በኋላም ለማይስ 1 እስከ 2፣ ለራት 3 እስከ 4 ሰዓት መኖ ይዘግይ። ከሞተች ወደ ዋናው ምርመራ ይዛወራሉ፤ መነሻው የተሻለ መረጃ ከሌለ 175 ሲሆን አይጧ ከተረፈች ወደ 550 ይወጣል፣ ከሞተች ወደ 55 ይወርዳል። ከተረፈች ደግሞ ሌሎች አራት፣ አንድ በአንድ፣ በመካከል 48 ሰዓት እየጠበቁ ያንኑ መጠን ይቀበላሉ። ከአምስቱ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከተረፉ ግማሹን እንስሳ የሚገድለው መጠን ከ2000 በላይ ነው ይባላል። አምስቱንም በአንድ ጠዋት ሰጥቶ መገላገል ፈተና ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋ ብትሞት አራቱ ባልተነኩ ነበር።

የአንዷን መጠን በተግባር እንዴት አሰላለሁ?

27 ግራም ማይስ፣ 2000 ሚሊግራም በኪሎግራም፦ 0.027 ሲባዛ በ2000 ይሆናል 54 ሚሊግራም። የሚሰጠው ፈሳሽ በ100 ግራም ክብደት አንድ ሚሊሊትር ሲሆን ለእሷ 0.27 ሚሊሊትር ነው። ስለዚህ ድብልቁ በሚሊሊትር 200 ሚሊግራም መያዝ አለበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ድብልቅ ተሠርቶ የሚለያየው በክብደት ልክ የሚቀዳው ፈሳሽ ብቻ ነው።

200 ሚሊግራም በሚሊሊትር እንደ ገንፎ ሊወፍር ይችላል። ኤክስትራክቱ በሙቀጫ ከጥቂት 2 በመቶ ትዊን 80 (ከውሃ ጋር የሚያዋሕድ ፈሳሽ) ጋር ለስልሶ እስኪዋሃድ ይፈጭ፣ ቀሪው ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ይናጥ። ሳይናጥ ከተቀዳ ዝቃጩ ከታች ይቀርና የመጀመሪያዋ ውሃ፣ የመጨረሻዋ ጭቃ ትጠጣለች፤ መጨረሻ ላይ የሞተችው መጠኗ ከተጻፈው በላይ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ኮንትሮል ቡድኑ (ለማነጻጸሪያ የተያዘው፣ ኤክስትራክት የማይሰጠው) ያንኑ ትዊን በዚያው ልክ ይወስዳል እንጂ ባዶ ውሃ አይሰጠውም።

በጋቬጅ (በአፍ እስከ ጨጓራ በሚገባ መርፌ) ስንሰጥ ለምን ይሞቱብናል?

ከሰጡ በኋላ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ከሞተች፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጅ እንጂ የዕፁ አይደለም። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ገብቷል፣ ወይም የምግብ ቧንቧው ተቀድዷል።

ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ይያዝ፤ ለማይስ 20፣ ለራት 16 ወይም 18 ጌጅ። እንስሳዋን ሳይነኩ መርፌውን ከጎኗ አስጠግተው ከአፍ ጫፍ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ይለኩና ምልክት ያድርጉ። የማጅራቷ ቆዳ ጠበቅ ተደርጎ ይያዝ፣ ጭንቅላቷ እንዳይዞር፤ ነገር ግን መተንፈሷ ይታይ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ሲል አፍና ጨጓራ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። መርፌው በአፍ ጎን፣ ከፊት ጥርስ ጀርባ ባለው ክፍተት ይግባ፣ ላንቃውን ተከትሎ ይንሸራተት። በትክክል ሲሄድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መግፋት ከተፈለገ ቦታው ስህተት ነውና ይውጣ። ብታስል፣ ብትተናነቅ፣ ድዷ ሰማያዊ ቢሆን ወዲያው ይውጣ፤ ምንም አይጨመቅ። ፈሳሹ ቀስ ተብሎ ይሰጥ፤ በአፍንጫ ከተመለሰ ያ መጠን ተቆጥሮ የሚመዘገብ አይደለም።

የሞተች ሁሉ ትከፈት። ሳንባዋ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ኤክስትራክቱ ደረቷ ውስጥ ከተገኘ፣ የአሰጣጥ አደጋ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ የመርዝ ሞት አይባል። አዲስ ሰው በመጀመሪያ ከልምድ ካለው ጎን ሆኖ በውሃ ይለማመድ፤ እጁ ሳይረጋ በጥናቱ እንስሳት ላይ አይማር።

ምን ምን ይታያል? ለስንት ጊዜ?

በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ እስከ 4 ሰዓት ደጋግሞ፣ እስከ 24 ሰዓት በየመካከሉ፣ ከዚያ በየቀኑ እስከ 14 ቀን። ፀጉር መቆም፣ መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንፈራገጥ፣ ለሃጭ፣ ተቅማጥ፣ የአተነፋፈስና የአረማመድ ለውጥ፣ የዓይን ቀለም፤ ሁሉም የታየበት ሰዓትና የጠፋበት ሰዓት ይጻፋል። ክብደት ከመስጠቱ በፊት፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። ማይስ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሰው ሲገባ ትነቃለች። ስለዚህ ኬጁን ሳይነኩ ከበር ላይ ሆነው መጀመሪያ ማየት ብዙ ያሳያል፦ ሌሎቹ ተጠጋግተው ሲተኙ አንዷ ለብቻዋ ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ከተቀመጠች ታማለች።

መሞቷን መጠበቅ የምርመራው ግዴታ አይደለም። ክብደቷ በአምስት አንድ እጅ ከወረደ፣ መነሳት ካቃታት፣ ወይም ስቃይዋ ግልጽ ከሆነ ያለ ስቃይ ትገደል፤ በስሌቱም እንደሞተች ትቆጠራለች። የእነዚህ እንስሳት ሕይወት ለሰው ደህንነት ተብሎ የተከፈለ ስለሆነ በከንቱ ስቃይ ማራዘም በደል ነው።

በ2000 አንድም አልሞተም። ተክሉ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። የተረጋገጠው አንዴ ቢወሰድ በቶሎ እንደማይገድል ነው። ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጽንስ የተነገረ ነገር የለም። ሕመምተኛው ለሦስት ሳምንት የሚጠጣው ከሆነ ቢያንስ የ28 ቀን ምርመራ (ቁጥር 407) ያስፈልጋል፦ ሦስት መጠንና አንድ ኮንትሮል፣ በየቡድኑ አምስት ወንድ አምስት ሴት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። ለወራት የሚወሰድ ከሆነ የ90 ቀኑ (408)፣ አሥር ወንድ አሥር ሴት በየቡድኑ። ጤና አዳምን የመሰሉ ነፍሰ ጡሮች የሚጠነቀቋቸው ዕፅዋት ደግሞ ለጽንስ የተለየ ምርመራ ይፈልጋሉ፤ ያ ሳይሠራ «ለነፍሰ ጡር አይጎዳም» የሚል ቃል ከማንም አፍ መውጣት የለበትም።

የደምና የአካል ክፍል ምርመራ ላይ ብዙ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ደሙ። በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ ወይም ወደ ቲዩብ ሲገለበጥ በመርፌው ከተገፋ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ያኔ ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይምና ፖታሲየም ከፍ ብለው ይነበቡና ጉበት ተጎዳ ይባላል። ቀስ ብሎ ይሳብ፣ መርፌው ተነቅሎ በቲዩቡ ግድግዳ ይንቆርቆር። ለቆጠራ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት፣ ለኬሚስትሪ ባዶ ቲዩብ፤ ባዶው መጀመሪያ ይሞላ። ኢዲቲኤ ጠብታ እንኳን ወደ ሴረም (ደም ረግቶ የሚለየው ፈሳሽ) ከገባ ካልሲየምና ኤኤልፒ የተባለው ኢንዛይም በሐሰት ይወርዳሉ። ደሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ረግቶ በደቂቃ 3000 ዙር ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር። ቀይ ሆኖ የወጣ ሴረም ምልክት ተደርጎበት ይለይ።

ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ ጣፊያ፣ ሳንባ ስቡ ተነስቶ ይመዘኑ፤ ክብደታቸው ከሰውነት ክብደት በመቶኛ ይሰላ። ከዚያ 10 በመቶ ፎርማሊን፦ 100 ሚሊሊትር ከጠርሙስ የወጣ ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት። ሥጋው ከ5 ሚሊሜትር አይወፍር፣ ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ሙሉ ጉበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከተጠቀጠቀ ዳር ዳሩ ደርቆ መሐሉ ይበሰብሳል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መበስበሱ የመርዝ ጉዳት ይመስላል። ስላይዱን የሚያነበው ፓቶሎጂስት የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

የጉበት ክብደት ብቻ ከፍ ብሎ ኢንዛይሞቹና ስላይዱ ደህና ከሆኑ፣ ያ ጉበቱ ሥራ ስለበዛበት ራሱን ማላመዱ ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ «መርዝ ነው» ማለት አያስኬድም።

ለሰው የሚሆነው መጠን ከዚህ እንዴት ይወጣል?

የአይጡ ሚሊግራም በኪሎ እንዳለ ወደ ሰው አይሻገርም። የማይስ መጠን በ12.3፣ የራት በ6.2 ይካፈላል። በራት ጉዳት ያላሳየው ትልቁ መጠን 500 ከሆነ ለሰው 80.6 ሚሊግራም በኪሎ ይሆናል፤ ለጥንቃቄ በ10 ሲካፈል 8 ገደማ፣ ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 480 ሚሊግራም ኤክስትራክት። ከመቶ 12 ለሚሰጥ ቅጠል ይህ አራት ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። ይህ በሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት መነሻ መጠን እንጂ ለሕመምተኛ የሚታዘዝ አይደለም። የባህል ሐኪሙ የሚሰጠው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ሊነገረው ይገባል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ፣ አንድም እንስሳ ከመነካቱ በፊት። የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚጠይቀው የእንስሳቱን ቁጥር ምክንያት፣ ስቃይ የሚቆምበትን መስፈርትና የአገዳደሉን ዘዴ ነው። ናሙና ወደ ውጭ ሀገር ለምርመራ የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

የባህል ሐኪም ነኝ፤ መድኃኒቴን ብሰጥ ዕውቀቴ አይወሰድብኝም?

ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ተክሉን ከማሳየትዎ በፊት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፦ ስምዎ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚነገርዎት፣ ጥቅም ቢገኝ እንዴት እንደሚካፈል። የሚያስረዳዎት ሰው እርስዎ በሚናገሩት ቋንቋ ያስረዳዎት፣ ያልገባዎትን አይፈርሙ። ከእርስዎ የሚፈለገው ደግሞ ትክክለኛው አሠራር ነው፤ የሚጨምሩትን አንድ ቅጠል ደብቀው ቢሰጡ የሚፈተሸው የእርስዎ መድኃኒት አይሆንም፣ ሕመምተኛዎም ያልተፈተሸውን ይጠጣል።

ሬሳና ቀሪ ኤክስትራክት ምን ይደረጋል?

ሬሳ በማቃጠያ ምድጃ ይቃጠል፤ በአዌቱ ወንዝም በቆሻሻ ገንዳም አይጣልም፣ ውሻ ይጎትተዋል። ያገለገለ ፎርማሊን በማጠቢያ ገንዳ አይደፋም፣ በተለየ ጀሪካን ተከድኖ ለኬሚካል ቆሻሻ ይሰጣል። የቀረው ኤክስትራክት አየር በማያስገባ ጠርሙስ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ፤ የተክሉ ስም፣ የናሙና ቁጥሩ፣ የወጣበት መንገድና ቀን በእርሳስ ይጻፍ። የእስክሪብቶ ቀለም በሜታኖል ይለቃል።